የደጋ መኪና በቆላ፤ ስለ ካርቡራቶር ሙቀት

ጅቡቲ ከተማ ከባሕር ጠርዝ ላይ የተቈረቈረች እንደ መሆኗ፥ ከግንቦት እስከ መስከረም ያለው ሙቀቷ እጅግ ብርቱ ነው። በሰኔና በሐምሌ፥ ሐምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ ከምድረ በዳው በኩል ሲነፍስ፥ የሙቀት መለኪያው ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። በነዚህ ወራት ሰው የቀትሩን ሰዓት በጥላ ያሳልፋል፤ ሱቆችም ተዘግተው ወደ ማታ ይከፈታሉ። ለራሱ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው ግን አሮጌ መኪናውን በጋለ አስፋልት ላይ አቁሞ ይሄድና፥ ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ቍልፉን ሲያዞር «አልነሣም» ስትለው ይገረማል። በዛሬው ጽሑፋችን ይህ ነገር ከምን እንደሚመጣና በምን ዐይነት መንገድ እንደሚቀነስ ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት አስበናል።

ይህን ርእስ የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፥ ዛሬ ከፋብሪካ የሚወጡት የቤንዚን መኪናዎች ካርቡራቶር የሌላቸው ስለ ሆኑ፥ የካርቡራቶርን ጠባይ የሚያውቅ መካኒክ እያነሰ በመሄዱ ነው። ሁለተኛው፥ የኢትዮጵያ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለ ወዲህ፥ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ቮልስዋገን፥ ፔጆ 404 ወይም ላንድሮቨር ያለው ቤተ ሰብ ንብረቱን በጥንቃቄ ለመያዝ የበለጠ ምክንያት ስላገኘ ነው።

ከሁሉ አስቀድመን ቃሉን እናስረዳ። ካርቡራቶር ማለት ቤንዚንን ከአየር ጋር በልክ ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያቀብል መሣሪያ ነው። በውስጡ እንደ ጽዋ ያለች ትንሽ የቤንዚን ማጠራቀሚያ አለች። በዚህች ጽዋ ውስጥ አንድ ተንሳፋፊ ነገር ይገኛል፤ ቤንዚኑ ሲሞላ ተንሳፋፊው ከፍ ብሎ መግቢያውን ይዘጋል፥ ሲጎድል ዝቅ ብሎ ይከፍታል። ከጽዋይቱ የሚወጣው ቤንዚን በስስ ቀዳዳ አልፎ፥ ሞተሩ በሚስበው አየር ውስጥ እንደ ጉም ይበተናል። ቤንዚኑን ከሰልባትዮው፥ ማለት ከዋናው የነዳጅ ማጠራቀሚያ፥ ስቦ ወደ ጽዋይቱ የሚያመጣው ፓምፕ ደግሞ በአሮጌ መኪናዎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሩ ጋር የተጣበቀ ነው።

እንግዲህ ችግሩ የሚነሣው ከቤንዚን ጠባይ ነው። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ፥ በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ቤንዚን ግን የብዙ ፈሳሾች ቅልቅል እንጂ አንድ ወጥ ፈሳሽ አይደለም። ስለዚህም ቀላሉ ክፍል ሙቀቱ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ሲደርስ መፍላት ይጀምራል፤ ከባዱ ክፍል እስከ 200 ዲግሪ ገደማ ይቈያል። ይህ ማለት የጅቡቲ የቀትር አየር ብቻውን፥ ሞተሩ ገና ሳይነሣ፥ ቤንዚኑን ወደ መፍላት ደጃፍ ያደርሰዋል ማለት ነው። በብዙ አገሮች እንደሚደረገው ቤንዚኑ ከአልኮል ጋር የተቀላቀለ ከሆነ ነገሩ ይብሳል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ ከመቶ 5 እጅ፥ በ2011 ደግሞ ከመቶ 10 እጅ አልኮል በቤንዚን ውስጥ እንዲቀላቀል ተደርጎ ነበር። አልኮል ለብቻው በ78 ዲግሪ የሚፈላ ቢሆንም፥ በጥቂቱ ከቤንዚን ጋር ሲደባለቅ የቅልቅሉን ትነት ይጨምራል፤ በአሮጌ መኪና ላይ ያሉትን የቀድሞ ጎማ ቱቦዎችም ያበላሻል።

በሙቀት ምክንያት የሚመጣው ደዌ ሁለት ዐይነት ነው፤ መድኃኒታቸውም የተለያየ ስለ ሆነ አስቀድሞ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የቤንዚን እጦት ነው። በቱቦው ወይም በፓምፑ ውስጥ ያለው ቤንዚን ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ፓምፑ የተሠራው ፈሳሽ ለመሳብ እንጂ እንፋሎት ለመግፋት ስላልሆነ በከንቱ ይደክማል፥ ጽዋይቱም ትደርቃለች። ይህ የሚደርሰው በተለይ መኪናይቱ ዳገት ቀስ ብላ ስትወጣ ወይም በተጨናነቀ መንገድ ላይ ስታዘግም ነው። ሞተሩ ይንተፋተፋል፤ ጉልበቱ ይደክማል፤ በመጨረሻም ይጠፋል። ሁለተኛው የቤንዚን መትረፍረፍ ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ በጽዋይቱ ያለው ቤንዚን እንደ ተጣደ ወተት ገንፍሎ ወደ ሞተሩ ጕሮሮ ይፈስሳል። በዚህ ጊዜ ኮፈኑ ሲከፈት ብርቱ የቤንዚን ሽታ ይሸታል። በአጭሩ ለመናገር፥ በመጀመሪያው ደዌ ሞተሩ ተጠምቷል፤ በሁለተኛው ከመጠን በላይ ጠጥቷል። የጠጣውን ሞተር እንደ ተጠማ ቈጥሮ ቤንዚን የሚጨምርለት ሰው ሕመሙን ያባብሰዋል።

ብዙ ሰው ሞተር ይበልጥ የሚሞቀው ሲሄድ ነው ብሎ ያስባል። ለካርቡራቶሩ ግን ክፉው ሰዓት መኪናይቱ ከቆመች በኋላ ያለው ሩብ ወይም ግማሽ ሰዓት ነው። መኪናይቱ ስትሄድ ነፋስ በኮፈኑ ሥር ያልፋል፤ ማቀዝቀዣው ይሠራል፤ ከሰልባትዮው የሚመጣው ቤንዚንም በየጊዜው የሚታደስ ስለ ሆነ ካርቡራቶሩን ያበርደዋል። ሞተሩ ሲጠፋ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቆማል። የጋለው ብረትና የጭስ ማውጫው ግን ሙቀታቸውን ወዲያው አይለቁም፤ ሙቀቱ ወደ ላይ ይወጣና በካርቡራቶሩ ላይ ያርፋል። ከገበያ ደርሶ ለመመለስ ያህል የቆመች መኪና እንቢ የምትለው፥ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ያደረችው ግን በጧት በደኅና የምትነሣው ስለዚህ ነው።

ይህ ለምን እንዲህ ሆነ ብለን ብንጠይቅ፥ መልሱን ከመኪናይቱ የትውልድ አገር እናገኘዋለን። በአውሮፓ ክረምት ቤንዚን በቅዝቃዜ ምክንያት በደንብ ስለማይተን፥ በካርቡራቶሩ ጕሮሮም ውስጥ በረዶ ስለሚሠራ፥ መሐንዲሶች ካርቡራቶሩን ሆነ ብለው ያሞቁት ነበር። በላንድሮቨር የቤንዚን ሞተር ላይ የአየር ማስገቢያውና የጭስ ማውጫው እንዲሞቃሞቁ አንድ ላይ ታስረዋል። በቮልስዋገን ላይ ከጭስ ማውጫው የሚነሣ ቀጭን ቱቦ በካርቡራቶሩ ሥር ያልፋል። በሌሎች መኪናዎችም ከሞተሩ የሚወጣ ሙቅ ውሃ በካርቡራቶሩ እግር ይዞራል። በበርሊን ወይም በለንደን ጥር ወር በረከት የሆነው ሙቀት፥ በጅቡቲ ሐምሌ መከራ ይሆናል። ሌሎች ፋብሪካዎች ይህን ተገንዝበው መፍትሔ ሠርተዋል፤ ለምሳሌ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በተሠሩ የቤንዚን ቶዮታ ላንድክሩዘሮች ላይ፥ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እየሠራ ቀዝቃዛ አየር ወደ ካርቡራቶሩ የሚነፋ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ተገጥሞ ነበር።

ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ ለሚወርድ ሰው ደግሞ ሌላ የሚታሰብ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ አየሯ ከጅቡቲ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በዚያ የሚኖር ብልኅ መካኒክ፥ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ እንዳይበዛ፥ የካርቡራቶሩን ስስ ቀዳዳ በጠበበ ይለውጠዋል። ይህች መኪና ወደ ባሕር ዳር ስትወርድ ግን አየሩ ይወፍራል፤ ቀዳዳው ጠባብ እንደ ሆነ ይቀራል፤ ድብልቁም በቤንዚን ይደኸያል። በቤንዚን የደኸየ ድብልቅ ሞተሩን ከመጠን በላይ ያሞቀዋል። እንግዲህ መኪናይቱ ከውጭ በቆላው አየር፥ ከውስጥ በገዛ ራሷ ሙቀት ትጠበሳለች ማለት ነው።

ይህንንም በአንድ የሥራ ባልደረባችን ቮልስዋገን ላይ አይተናል። ከአዲስ አበባ ባመጣት በሁለተኛው ሳምንት፥ ከቤቱ እስከ ገበያ ደርሳ ለመመለስ እንቢ አለችው። ፓምፑን ለወጠ፤ ካንዴላዎቹን ለወጠ፤ ኤሌክትሪኩን የሚያበረታውን ቦቢናም ለወጠ። ገንዘቡ አለቀ፥ መኪናይቱ ግን ጠባይዋን አልለወጠችም። በመጨረሻ ባልባላ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አብረነው ሄድን።

«ጋሼ፥ ያልለወጥሁት ነገር የለም፤ አሁንስ ምን ልለውጥ?» አላቸው።

«መለወጡን ተወው ልጄ፤ አስቀድመህ ተመልከት» አሉና የኋላውን ኮፈን ከፍተው በጣታቸው አሳዩት። በቮልስዋገን ላይ ሞተሩን ከላይ ከሚገባው ቀዝቃዛ አየርና ከታች ከሚወጣው ሙቅ አየር የሚለየው ዙሪያውን የታሰረ ጎማ ነው። ይህ ጎማ አርጅቶ ወድቋል፤ ሙቁ አየር ተመልሶ ወደ ላይ እየወጣ ማራገቢያው ራሱ ሞተሩን በትኩስ አየር ይነፋው ነበር። የካርቡራቶሩም ቀዳዳ ለደጋ የተጠበበው ነበር። ሽማግሌው ጎማውን ተክተው፥ ቀዳዳውን ፋብሪካው ወዳዘዘው ልክ ከመለሱ በኋላ፥ መኪናይቱ እንደ ልማዷ መሥራት ጀመረች። ከዚህ የምንማረው፥ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ማየት እንደሚገባ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንግባ። የምንሰጠው ምክር ከቀላሉ ወደ ከባዱ በተራ የተደረደረ ስለ ሆነ፥ አንባቢ ተራውን እንዲጠብቅ እንለምናለን።

መጀመሪያ የሞተሩን ጤና ማስተካከል ነው። የራዲያተሩ መተላለፊያዎች በጭቃ ወይም በዝገት ያልተደፈኑ መሆናቸውን፥ የማራገቢያው ቺንጋ ያልላላ መሆኑን፥ የካንዴላው ብልጭታም በጊዜው የሚሰጥ መሆኑን መካኒክ ይመርምር። ብልጭታው የዘገየ ሞተር እሳቱን ወደ ጭስ ማውጫው ስለሚልክ ኮፈኑ ሥር ምድጃ ይሆናል። ሲግል ሥራ የሚያቆም ቦቢናም የቤንዚን እጦትን ስለሚመስል፥ ሞተሩ እንቢ ባለበት ሰዓት ብልጭታው መኖሩን ማረጋገጥ ከከንቱ ወጪ ያድናል።

ሁለተኛ የቤንዚኑን ቱቦ መንገድ መመልከት ነው። ቱቦው የጭስ ማውጫውን ወይም የሞተሩን ጋለ ብረት የሚነካ ከሆነ እንዲርቅ ማድረግ፤ ማራቅ በማይቻልበት ስፍራ ሙቀት በሚመልስ መሸፈኛ መጠቅለል ይገባል። የደረቀና የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ሁሉ አልኮል በሚችል በአዲስ ይለወጥ። ይህ ለማቀዝቀዝ ብቻ ሳይሆን ከእሳት ለመጠበቅም ነው።

ሦስተኛ ለክረምት የተሠራውን ማሞቂያ ማስተካከል ነው። የአየር ማጣሪያው ከጭስ ማውጫው አጠገብ ሙቅ አየር የሚስብበት ቱቦ ካለው፥ መዝጊያው ወደ በጋው ወገን ይዞር። የካርቡራቶሩ ስስ ቀዳዳ ለባሕር ጠለል የታዘዘው መሆኑ ይረጋገጥ። በጽዋይቱ ውስጥ ያለው የቤንዚን ከፍታም የፋብሪካው መጽሐፍ ካዘዘው በላይ እንዳይሆን ይለካ፤ ጽዋይቱ ከልክ በላይ የሞላች እንደ ሆነ ጥቂት ስትሞቅ ትገነፍላለችና።

አራተኛ ካርቡራቶሩን ከጋለው ብረት መለየት ነው። ባኬላይት ወይም ሌላ ሙቀት የማያስተላልፍ ጠንካራ ነገር ከ6 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ተቈርጦ፥ ካርቡራቶሩ ከሚቀመጥበት ብረት ጋር በሚገናኝበት ስፍራ መካከል ይገባል። አንዳንድ ሰው ይህን ከአሉሚኒየም ያስቀርጻል፤ አሉሚኒየም ግን ሙቀትን እንደ ልብ የሚያስተላልፍ ስለ ሆነ ለዚህ ሥራ አይረባም። አሉሚኒየም የሚጠቅመው ለሌላ ነው። ይኸውም፥ በጭስ ማውጫውና በካርቡራቶሩ መካከል እንደ ጋሻ ቢቆም፥ ከታች የሚመጣውን የሙቀት ጨረር መልሶ ይጥላል። ጋሻው ከሁለቱም ጋር ሳይጣበቅ፥ በላይና በታቹ አየር እንዲያልፍ ተደርጎ መታሰር አለበት። ካርቡራቶሩ ከፍ ሲል ኮፈኑን እንዳይነካ፥ ቡሎኖቹም አጭር እንዳይሆኑ፥ በማሸጊያው በኩልም አየር እንዳይገባ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

አምስተኛ፥ ይህ ሁሉ ተደርጎ እጦቱ ካልተወ፥ ከፓምፑ በኋላ ትርፉን ቤንዚን ወደ ሰልባትዮው የሚመልስ ቀጭን ቱቦ ማሠራት ነው። ቤንዚኑ በዝውውር ላይ ስለሚሆን ለመፍላት ጊዜ አያገኝም። ወይም ደግሞ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ከሰልባትዮው አጠገብ ይገጠማል። የቀድሞው ፓምፕ ቤንዚኑን ከሩቅ ስለሚስብ፥ የሳሳ ግፊት ደግሞ መፍላትን ስለሚያፈጥን፥ ከኋላ የሚገፋ ፓምፕ ይህን ይቃወማል። ነገር ግን አብዛኛው አሮጌ ካርቡራቶር ከ0.15 እስከ 0.3 ባር ከሚደርስ ግፊት በላይ ስለማይችል ተስማሚው ፓምፕ ይመረጥ። አደጋ ሲደርስና ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑ በራሱ እንዲቆም የሚያደርግ መቍረጫም ሳይኖረው አይገጠም።

የጅቡቲ መካኒክ ቃሎቹን ከፈረንሳይኛ እንደ ወረሰ፥ የአዲስ አበባና የአሥመራ መካኒክ ደግሞ ከጣልያንኛ እንደ ወረሰ ማወቅ ይጠቅማል። እኛ ካንዴላ የምንለውን እዚህ ቡዢ ይሉታል። ቤንዚን ኤሳንስ ነው። ጋዝዋል የሚሉት ግን ናፍጣ እንጂ ነጭ ጋዝ አይደለምና፥ በማደያ ቃል ሳያምታታ ለመጠየቅ ይህን ልብ ማለት ያሻል።

ከመሣሪያው ሌላ፥ የነጂው ልማድ ብዙ ይረዳል። መኪናን በጥላ ማቆም፤ ከቆመ በኋላ የሚቻል ሲሆን ኮፈኑን ከፍቶ ሙቀቱን ማስወጣት፤ ሰልባትዮው ከግማሽ በታች እንዲወርድ አለማድረግ ጥሩ ነው፤ ብዙ ቤንዚን ከጥቂት ቤንዚን ይልቅ ዘግይቶ ይሞቃልና። ሞተሩ ጠጥቶ እንቢ ካለ፥ ቾክ ሳይስቡ፥ የነዳጅ መስጫውን ደጋግሞ ሳይመቱ፥ ቀስ አድርጎ እስከ መጨረሻው ረግጦ በመያዝ ሞተሪኖውን ለአጭር ጊዜ ማዞር ነው፤ አየሩ በብዛት ሲገባ ትርፉ ቤንዚን ይጠራል። ሽታው ብርቱ ከሆነ፥ ወይም ቤንዚን ፈስሶ ከታየ ግን፥ ቍልፉን አለመንካትና ቤንዚኑ እስኪተን በርቆ መጠበቅ ይገባል። ተጠምቶ ከጠፋ ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ ፓምፑንና ቱቦውን ሸፍኖ፥ እስኪበርድ በትዕግሥት መቆየት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሰው ሕይወት ነው። ከጅቡቲ በባልባላ ወጥቶ፥ በዊአና በግራን ባራ ሜዳ፥ በዲኪልም በኩል ወደ ጋላፊ የሚሄደው መንገድ፥ ከዚያም በሚሌና በአዋሽ አልፎ አዲስ አበባ እስኪደርስ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ መንገድ በብዙ ስፍራ ጥላ የሚሆን ዛፍ የለም። በቀትር በመካከሉ የምትቆም መኪና ለነጂው ችግር፥ በውስጧ ላሉት ሕፃናትና አረጋውያን ግን አደጋ ናት። ስለዚህ ጕዞው ሌሊቱ ሳይነጋ ይጀመር፤ ለሰው የሚጠጣ ውሃ ለራዲያተር ከሚሆነው ተለይቶ በብዛት ይያዝ፤ ጥላ የሚዘረጋበት ሸራና የእሳት ማጥፊያ ከመኪናይቱ አይታጡ። መኪናይቱ ስትቆም ልጆች በውስጧ እንዲቀመጡ አይተዉ፤ በተዘጋ መኪና ውስጥ ያለው አየር ከውጭው እጅግ ፈጥኖ ይሞቃልና። የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈት፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋ፤ ኮፈኑ በተከፈተበት አካባቢም ሲጋራ አይጨስ።

ወደ ደጋ የሚመለስ ሰው ደግሞ በቆላ የዘጋውን ማሞቂያ እንደገና መክፈት አለበት። በአዲስ አበባ እርጥብና ብርዳማ ጧት ካርቡራቶሩ ያንን ሙቀት ይፈልገዋል፤ ለባሕር ጠለል የተስተካከለው ቀዳዳም እንደገና ይታይ። አንዲት መኪና በሁለት አገር ስትኖር ሁለት ልብስ ያስፈልጋታል ብንል ማጋነን አይሆንም። እኛም ደጋ ስንወጣ ጋቢ እንደምንደርብ፥ ቆላ ስንወርድም እንደምናወልቅ ሁሉ፥ ለመኪናችንም እንደ አገሩ ማልበስን ብንለምድ፥ ከአባቶቻችን የወረስነው ንብረት ለልጆቻችንም ሊደርስ ይችላል።